ሴል የሚከፈለው እያፈረሰ ነው፦ ኤፒሲን ሳትቸክሉ የምትረዱበት መንገድ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ ማራኪ፣ ለጤና ተማሪዎች በማስጠናበት ክፍል የቀይ ሽንኩርት ሥር በማይክሮስኮፕ እያየን ነበር። አንዲት የደባርቅ ልጅ ዓይኗን ከሌንሱ ሳትነቅል ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየች። ከዚያ ቀና አለችና «ጋሼ፣ ፕሮፌዝ ሞልቷል። ሜታፌዝም ሦስት አግኝቻለሁ። አናፌዝ ግን የት ገባ?» አለችኝ።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በጣም ደስ ይለኛል። መጽሐፍ ላይ አራቱም የማይቶሲስ (የሴል መከፈል) ደረጃዎች፣ ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝና ቴሎፌዝ፣ እኩል ቦታ ይዘው፣ እኩል ሥዕል ተሥሎላቸው ነው የምናያቸው። ሴሉ ውስጥ ግን አናፌዝ፣ ክሮሞሶሞቹ የሚለያዩበት ደረጃ፣ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ለምን እንደዚያ እንደሚፈጥን የገባው ሰው የዚህን ትምህርት ዋናውን ነገር ይዟል።

ይህን የምጽፈው ለእሷና ለጓደኞቿ ነው። ሃንድአውቱን ከፍተው ኤፒሲ (አናፌዝን የሚያስጀምረው የፕሮቲን ማሽን)፣ ሲዲሲ20፣ ሲዲኤች1፣ ማድ2፣ ሴኩሪን፣ ሴፓሬዝ የሚል የፕሮቲን ስም ጎርፍ ሲያዩ ለሚደነግጡ ሁሉ። ሌሊቱን ሙሉ ይቸከላል፤ ጠዋት ፈተናው ላይ ስሙ አለ፣ ሥራው ግን ከጭንቅላት ወጥቷል። እኔም ተማሪ እያለሁ እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ፈተና ላይ «ኤፒሲ ኮሂሲንን ያጠፋል» ብዬ ጽፌ ነጥብ ተቆረጠብኝ። ለምን እንደተሳሳትኩ የነገረኝ አልነበረም፤ ወረቀቱ ላይ ኤክስ ብቻ ተደርጎ ተመለሰልኝ። ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እናንተ ያን ያህል መጠበቅ የለባችሁም።

መጀመሪያ ጥያቄውን ቀይሩ

አብዛኞቻችን ሴል ሲከፈል «አሁን ምን ተሠራ?» እያልን ነው የምንከታተለው። ዲኤንኤው ተባዛ፣ ክሮሞሶም የሚጎትቱት ገመዶች (ስፒንድሉ) ተዘረጉ፣ ክሮሞሶሞቹ ተሰለፉ። ይሄ ስህተት አይደለም። ግን ሴሉን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሳይሆን የሚደመሰሰው ነው። ስለዚህ በየደረጃው ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አሁን ምን ተደመሰሰ? ምልክቱን ማን አደረገበት? ከመደምሰሱ በፊትስ ማንን አስሮ ይዞ ነበር? እነዚህን ሦስቱን መመለስ ከቻላችሁ ስሞቹ ራሳቸው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ሴሉ ለምን ማፍረስን መረጠ? ፎስፌት (ትንሽ ኬሚካላዊ ቁራጭ) የተለጠፈበት ፕሮቲን ፎስፌቱ ቢነሳለት ወደነበረበት ይመለሳል። የተፈጨ ፕሮቲን ግን አይመለስም። ከጂኑ ተነስቶ እንደ አዲስ መሠራት አለበት፣ ያ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ክሮሞሶሞችን ግማሽ መንገድ ለያይቶ «ቆይ፣ ልመለስ» ማለት አይቻልም። አንድ ጊዜ ከተጀመረ ወደፊት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምልክቱ እንምጣ። ለልማት የሚነሳ ቤት ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ሲደረግበት አይታችኋል። አፍራሹ ማሽን ሲመጣ የቤቱን ታሪክ አይጠይቅም፤ ምልክቱን ያያል፣ ያፈርሳል። ሴል ውስጥ ቀለሙ ዩቢኩዊቲን ይባላል። 76 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው። አፍራሹ ደግሞ ፕሮቲያሶም ነው፦ በርሜል የመሰለ ወፍጮ፣ ሁለቱም አፉ ላይ ክዳን ያለው፣ ምልክት የያዘውን ፕሮቲን ፈትቶ፣ ወደ ውስጥ ስቦ፣ ቆራርጦ የሚያወጣ። ቀለሙ ግን አብሮ አይፈጭም። ተነቅሎ ይወጣና ለሌላ ጊዜ ያገለግላል።

ቀለሙን ለመቀባት ሦስት ሠራተኛ ይፈልጋል። ኢ1 ቀለሙን ከፍቶ ያዘጋጃል። ኢ2 ተቀብሎ ብሩሹ ላይ ይይዛል። ኢ3 ደግሞ የትኛው ቤት እንደሆነ የሚያውቀው ነው። ሰው ውስጥ ኢ1 ሁለት ብቻ ነው፣ ኢ2 ሠላሳ አርባ ቢሆን ነው፣ ኢ3 ግን ከ600 በላይ ነው። ቁጥሮቹን ልብ በሏቸው። ልዩነቱ ለምን ይህን ያህል ሰፋ? ቤት መለየት የኢ3 ሥራ ስለሆነ ነው፤ ስንት ዓይነት ቤት አለ፣ ያን ያህል ዓይነት አዋቂ ያስፈልጋል። ይህን ሥርዓት ላገኙት ለአሮን ቺካኖቨር፣ ለአቭራም ሄርሽኮና ለኧርዊን ሮዝ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የኬሚስትሪ ኖቤል ተሰጥቷቸዋል።

ኤፒሲ እንግዲህ ከእነዚያ ኢ3ዎች አንዱ ነው፤ ግን ግዙፉ። ሙሉ ስሙ «አናፌዝን የሚያስጀምር ኮምፕሌክስ» እንደ ማለት ነው። ሰው ውስጥ 14 ዓይነት ክፍሎች ተገጣጥመው ይሠሩታል፣ አንዳንዶቹም ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚገቡ በጠቅላላው 19 ይሆናሉ። በ1995 (እ.ኤ.አ.) የተለያዩ ቡድኖች በአንድ ሰሞን ደረሱበት። አንዱ ኤፒሲ አለው፣ ሌላው ሳይክሎዞም አለው። መጽሐፍ ላይ ከኤፒሲ አጠገብ የምታዩዋት ተጨማሪ ሲ የመጣችው ከዚያ ነው። ተማሪ ሁሉ «ይቺ ሁለተኛዋ ሲ ምንድን ናት?» እያለ ስለሚጠይቀኝ ነው የጻፍኩት።

የባሕር ጃርቱን ታሪክ አንድ ጊዜ አንብቡት

ስም ከመያዛችሁ በፊት ታሪኩን ያዙ። በ1982 (እ.ኤ.አ.) ክረምት ቲም ሃንት የሚባል እንግሊዛዊ አሜሪካ ውስጥ ዉድስ ሆል በሚባል የባሕር ዳርቻ የምርምር ጣቢያ የባሕር ጃርት እንቁላሎችን እያዳቀለ ይከታተል ነበር። እንቁላሎቹ አዲስ የሚሠሩት ፕሮቲን እንዲታየው ራዲዮአክቲቭ አሚኖ አሲድ ሰጣቸውና በየጥቂት ደቂቃው ናሙና እየወሰደ ፕሮቲኖችን መስመር መስመር አድርጎ በሚለይ ጄል ላይ አሰለፋቸው። ፕሮቲኖቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየደመቁ ሄዱ፣ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። አንዷ መስመር ግን እየደመቀች መጣችና እንቁላሉ ሊከፈል ሲል ጥፍት አለች። እንደገና ደመቀች፣ እንደገና ጠፋች። ሳይክሊን አላት። ፕሮቲን እየተሠራ ይበዛል እንጂ በሰዓቱ ድንገት ይጠፋል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው ባልነበረበት ጊዜ ነው ይሄ። በ2001 (እ.ኤ.አ.) ከሊላንድ ሃርትዌልና ከፖል ነርስ ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ከዚያ የቀጠለው ጥያቄ ግልጽ ነው። ባትጠፋስ? በ1989 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች የሳይክሊንን የመጀመሪያ 90 አሚኖ አሲዶች ቆርጠው የቀረውን ወደ እንቁራሪት እንቁላል ጭማቂ ጨመሩት። ሳይክሊኑ ሥራውን ይሠራል፣ ግን አይጠፋም። ጭማቂው ማይቶሲስ ውስጥ ገባና እዚያው ቀረ፣ መውጣት አልቻለም። ማፍረስ የጽዳት ሥራ ሳይሆን መውጫው በር መሆኑ ታየ። በተቆረጠው ክፍል ውስጥ ያለችውንና ኤፒሲ የሚያውቃትን አጭር ምልክት ዛሬ ዲ ቦክስ እንላታለን። እሷን የሚመስል ሌላ ምልክት አለ፣ ኬን ቦክስ ይባላል።

አሁን መቀነቱን ፍቱ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። እኔ ነጥብ የተቆረጠብኝ ቦታ ይኸው ነው።

ዲኤንኤ ሲባዛ ከአንድ ክሮሞሶም ሁለት እህትማማች ክሮማቲዶች ይሆናሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ያሰራቸው ኮሂሲን የሚባል ቀለበት ነው። ሁለት እህትማማቾች በአንድ መቀነት ታስረው ቆመዋል በሉ። መቀነቱን የሚቆርጠው ቢላ ሴፓሬዝ ነው። ቢላው ግን ሰገባ ውስጥ ነው ያለው፣ ሰገባውም ሴኩሪን ነው። ኤፒሲ መቀነቱን አይነካም! ቢላውንም አይነካም። ምልክት የሚያደርገው ሰገባው ላይ ነው። ፕሮቲያሶም ሰገባውን ይፈጨዋል፣ ቢላው ይወጣል፣ መቀነቱን ይቆርጣል፣ እህትማማቾቹ በስፒንድሉ ገመድ ወደየአቅጣጫቸው ይጎተታሉ። አናፌዝ ማለት ይህች ቅጽበት ናት።

በዚያው ሰዓት ኤፒሲ ሳይክሊን ቢ ላይም ምልክት ያደርጋል። ሳይክሊን ቢ ሲጠፋ የማይቶሲስ ሞተር የሆነው ሲዲኬ1 ይበርዳል፤ ያኔ ሴሉ ከማይቶሲስ ለመውጣት ይችላል። ስለዚህ አንድ ማሽን፣ ሁለት ቤት፦ ሴኩሪን ሲፈርስ መለያየት፣ ሳይክሊን ቢ ሲፈርስ መውጣት። ይህችን ለይታችሁ ያዙ፣ ከታች ጥያቄ ትሆናለች።

ጥምቀት ላይ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ወጣቱ ገንዳውን ከብቦ፣ ልብሱን አውልቆ፣ ቅጥሩ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። ካህናቱ ውሃውን ባርከው ሳይጨርሱ የሚዘል የለም። ሲያልቅ ግን አንድ በአንድ አይደለም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው ዘሎ የሚገባው። በዚያች ሰከንድ ፎቶ ለማንሳት ሞክሩ፤ ዘሎ አየር ላይ ያለ ሰው ማግኘት ይከብዳችኋል። ወይ ቆሟል፣ ወይ ገብቷል። አናፌዝም ከማይክሮስኮፑ ሥር ያጠረባችሁ ለዚሁ ነው። የደባርቋን ልጅ እንዲህ ስላት ሳቀችና «ለካ የቆሙትን ነው ያገኘሁት» አለች።

ፈቃዱን ማን ይሰጣል?

መጥፎው ነገር አንድ ክሮሞሶም ሳይያዝ መለያየቱ ቢጀመር ነው። አንዷ ልጅ ሴል አንድ ትርፍ ታገኛለች፣ ሌላዋ አንድ ይጎድላታል። ስለዚህ ጠባቂ አለ።

ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚሄድ ሚኒባስ አስቡ። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ሁሉም ወንበር ሞልቶ አንድ ብቻ ቢቀር እንኳ ሹፌሩ አይነሳም። ሰው 46 ክሮሞሶም አለው። እያንዳንዱ ሁለት እህትማማቾች ስለሆነ 92 ካይኔቶኮር፣ ማለትም የስፒንድል ገመድ የሚታሰርበት 92 ቦታ አለ። 91ዱ ታስረው አንዱ ባዶ ቢሆን ኤፒሲ ሊያዝ ይችላል። የሚደንቀኝ ጩኸቱ የሚወጣው ከባዶው ወንበር ራሱ መሆኑ ነው። ባዶው ካይኔቶኮር ማድ2 የተባለውን ፕሮቲን እየቀየረ ይለቃል፤ ማድ2 ከቡብአር1ና ከቡብ3 ጋር ሆኖ ሲዲሲ20ን ጠፍንጎ ይይዘዋል። ሲዲሲ20 ደግሞ ኤፒሲን ቤቱ ድረስ የሚመራው ሰው ነው። መሪው ከተያዘ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል። የመጨረሻው ወንበር ሲሞላ ጩኸቱ ይቆማል፣ ሲዲሲ20 ይለቀቃል፣ ሰገባው ይፈጫል።

ምሳሌው የሚያልቅበትም ቦታ አለ፣ እሱንም ልንገራችሁ። ሳይክሊን ኤ የሚባለው ሚኒባሱ ሳይሞላ ነው መፍረስ የሚጀምረው፣ በዚያው በኤፒሲና በሲዲሲ20። ጠባቂው እሱን አያስቆመውም። ስለዚህ «ጠባቂው ሲነቃ ኤፒሲ ፈጽሞ አይሠራም» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ሁለተኛ መሪም አለ፣ ሲዲኤች1። ሲዲኬ1 ሞቅ ባለ ጊዜ ሲዲኤች1 ፎስፌት ስለሚለጠፍበት ኤፒሲ ላይ መቀመጥ አይችልም። ሳይክሊን ቢ ጠፍቶ ሲዲኬ1 ሲበርድ ተራው ይደርሳል። መጥቶ ቀሪዎቹን የማይቶሲስ ፕሮቲኖች ያስፈርሳል፣ ከነዚህም መካከል ሲዲሲ20 ራሱ አለ! የፊተኛው መሪ በኋለኛው ይፈርሳል። ከዚያ ሲዲኤች1 ጂ1 ላይ (ሴሉ ከተከፈለ በኋላ ዲኤንኤ ማባዛት እስኪጀምር ባለው ጊዜ) ዘብ ይቆማል፣ ሳይክሊኖች ያለ ሰዓታቸው እንዳይከማቹ።

ጂ1ን አልፎ ዲኤንኤ ወደሚባዛበት ወደ ኤስ ለመግባት ደግሞ ሌላ ኢ3 አለ፣ ኤስሲኤፍ። እሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ልዩነቱን ብቻ ያዙ። ኤፒሲ ራሱ በሰዓቱ ይከፈታል፣ በሰዓቱ ይዘጋል። ኤስሲኤፍ ግን በሩ ባብዛኛው ክፍት ነው፤ የሚያስተናግደው ፎስፌት ለብሶ የመጣውን ነው። ቤት የሚለዩለት ኤፍ ቦክስ የሚባሉት ፕሮቲኖች ይቀያየራሉ፦ ስኬፒ2 ሲገጠምለት የሲዲኬ ፍሬን የሆነውን ፒ27ን ያስፈርሳል፣ ኤፍቢደብሊው7 ሲገጠምለት ሳይክሊን ኢን።

በወረቀት ሥሩት፣ ከዚያ ራሳችሁን ፈትኑ

አንድ ባዶ ወረቀት አግድም አስቀምጡ። ከታች ጊዜውን ጻፉ፦ ፕሮሜታፌዝ (በፕሮፌዝና በሜታፌዝ መካከል ያለው)፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ፣ ጂ1። ከዚያ በአራት ቀለም አራት መስመር። ሳይክሊን ኤ ቀድሞ ይወርዳል። ሳይክሊን ቢና ሴኩሪን ጎን ለጎን፣ ሜታፌዝ ላይ አብረው። ሲዲሲ20 ዘግይቶ። እያንዳንዱ መስመር ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ ላይ በቀስት ምልክቱን ማን እንዳደረገ ጻፉ፣ ሲዲሲ20 መርቶት ነው ወይስ ሲዲኤች1። ከሃንድአውቱ አትገልብጡ። ዝጉትና ሥሩ፣ የተጣበቃችሁበትን ብቻ ከፍታችሁ እዩ። ይቺ ወረቀት ከአሥር ገጽ ማስታወሻ ትበልጣለች። እኔ ተማሪዎቼን በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው የማሥላቸው።

ከዚያ እርስ በርስ ተጠያየቁ። ላውንጅ ቁጭ ብላችሁም ይሆናል።

ሴኩሪን ዲ ቦክሱም ኬን ቦክሱም ተበላሽቶ የማይፈርስ ቢሆን? ቢላው ሰገባው ውስጥ ይቀራል፣ እህትማማቾቹ ለመለያየት ይቸገራሉ። ሳይክሊን ቢ የማይፈርስ ቢሆንስ? ብዙ ሰው እዚህ «አናፌዝ አይኖርም» ይላል፤ ሴኩሪን እስከፈረሰ ድረስ ግን ክሮማቲዶቹ ይለያያሉ፣ ሴሉ ከማይቶሲስ መውጣት ነው የሚያቅተው። ማድ2 ቢጠፋ? ሚኒባሱ ሳይሞላ ይነሳል፣ የክሮሞሶም ቁጥር ይዛባል። ፕሮቲያሶም ቢዘጋ? ምልክት ይደረጋል፣ የሚያፈርስ የለም፣ ሴሉ ሜታፌዝ ላይ ቆሞ ይቀራል።

የመጨረሻው ጥያቄ መድኃኒት ሆኗል። ቦርቴዞሚብ ፕሮቲያሶምን ይዘጋል፤ በ2003 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ መልቲፕል ማየሎማ ለሚባለው የደም ካንሰር ተፈቅዷል። ዋርድ ስትወጡ ደግሞ ደም ካንሰር ላለባቸው ሕፃናት ቪንክሪስቲን ሲሰጥ ታያላችሁ። እሱ የስፒንድሉ ገመድ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ወንበሩ አይሞላም፣ ጩኸቱ አይቆምም፣ ሴሉ እዚያው እንደቆመ ብዙ ጊዜ ይሞታል። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ኤችፒቪም ከዚሁ ሥርዓት ይሰርቃል። ኢ6 የሚባለው ፕሮቲኑ የኛኑ ኢ3 አንዱን ጠልፎ ፒ53 ላይ ምልክት ያስደርጋል። የዘረመላችንን ጠባቂ በራሳችን ወፍጮ ያስፈጨዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ስታስታውሱት ለፈተና ብቻ የተማራችሁት አይመስላችሁም።

ሽንኩርቱን እንዲህ አዘጋጁ

ከቅዳሜ ገበያ ያልበቀለች ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ግዙ። የደረቀውን ሥር ላጡላትና ታቿ ብቻ ውሃ እንዲነካ አፈ ሰፊ ብልቃጥ ላይ አስቀምጡ። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ። በሁለት ሦስት ቀን ነጭ ሥር ታወጣለች። ሁለት ሴንቲሜትር ሲሆን ጫፉን ብቻ ቁረጡ፤ የሚከፈሉት ሴሎች መጨረሻዋ ላይ ሁለት ሚሊሜትር ያህሉ ውስጥ ናቸው። ከላይ ከቆረጣችሁ ረዣዥም የማይከፈሉ ሴሎች ብቻ ነው የምታዩት፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ጫፉን ሦስት እጅ ኤታኖልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ አሳድሩ። ከዚያ በ60 ዲግሪ ሞቅ ባለ አንድ ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ይሄን ላብራቶሪ ውስጥ ካልሆነ አትሞክሩት። በውሃ አጥባችሁ አሴቶካርሚን ወይም ቶሉዲን ብሉ ጠብ አድርጉበት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ በመርፌ በትኑት፣ መሸፈኛውን መስታወት አስቀምጡና በወረቀት ላይ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ። ወደ ጎን ካንሸራተታችሁት ሴሎቹ ይጠቀለላሉ።

መጀመሪያ በ10ኛው ሌንስ ሴሎቹ ካሬ የሆኑበትን ቦታ ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ 40ው እለፉ። ሽንኩርት 16 ክሮሞሶም ነው ያላት፣ ትልልቅ ስለሆኑ በደንብ ይታያሉ። ኤፒሲ እሷም ውስጥ አለ፣ ሴኩሪንንም ሆነ ዩቢኩዊቲንን ግን በዚህ ማይክሮስኮፕ አታዩም፤ የምታዩት ሥራቸውን ነው። ሁለት መቶ ሴል ቁጠሩና በየደረጃው ስንት እንዳገኛችሁ መዝግቡ። የደባርቋ ልጅ በማግስቱ ተመልሳ ሁለት መቶ አርባ ሴል ቆጠረች። አናፌዝ አራት አገኘች። አራተኛዋ ላይ ክሮሞሶሞቹ ገና መሃሉን ለቀው፣ ጫፎቻቸው ወደኋላ ተጎትተው፣ በመካከላቸው ጠባብ ባዶ ቦታ ይታይ ነበር። «ጋሼ፣ ሰገባው አሁን ነው የተፈጨው» አለችና ለጓደኛዋ ቦታውን ለቀቀችላት።